ኦሲሎስኮፑ ራሱን ሲያስተካክል የሚያስተካክለው ምኑን ነው?

ኦሲሎስኮፕ የኤሌክትሪክ ምልክት ከጊዜ ጋር ሲለዋወጥ በስክሪን ላይ የሚያሳይ መለኪያ ነው። አንድ ኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት ገብታችሁ «ይህ ኦሲሎስኮፕ ካሊብሬት ተደርጓል?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ የምታገኙት መልስ «አዎ፣ ትናንት ሰልፍ ካል ሰጥቼዋለሁ» የሚል ነው፤ መሣሪያው ራሱን እንዲያስተካክል የሚያዘውን ቁልፍ ተጭኛለሁ ማለቱ ነው። መላሹ አልዋሸም። ቁልፉን ተጭኗል፤ መሣሪያውም ጥቂት ደቂቃ ጠቅ ጠቅ ሲል ቆይቶ «አልፏል» ብሎታል። ነገር ግን የጠየቃችሁት አንድ ነገር፣ የተመለሰላችሁ ሌላ ነገር ነው።

ይህ የቃላት ጭቅጭቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ሙሉ ጽሑፍ ባልወጣው ነበር። በዚህ መደባለቅ ምክንያት ጤነኛ ቦርድ ሲቀደድ፣ ያልተቃጠለ ትራንዚስተር ሲነቀል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተሳሳተ ቁጥር በልበ ሙሉነት ሲመዘገብ አይቻለሁ፤ እኔም አድርጌዋለሁ። መለኪያ መሣሪያዎች በሆዳቸው ይዘውት የሚመጡት የማስተካከያ ረዳት በጣም ጠቃሚ ነገር ነው። የሚጠቅመን ግን ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ስናውቅ ነው።

ካሊብሬሽን ማለት ማስተካከል አይደለም እንዴ?

በየዕለቱ ንግግራችን እንደዚያ ነው። በልኬት ባለሙያዎች ዘንድ ግን ካሊብሬሽን ማለት ማወዳደር ነው። መሣሪያው የሚያሳየው ቁጥር ትክክለኛነቱ ከታወቀ ማጣቀሻ ጎን ይቀመጥና በመካከላቸው ያለው ልዩነት፣ ምን ያህል እርግጠኛ መሆን እንደሚቻል ከሚገልጽ ወሰን ጋር ይመዘገባል። አንዲት ብሎን ሳትዞር ካሊብሬሽን ተጠናቀቀ ሊባል ይችላል።

ልዩነቱ ከታየ በኋላ ብሎን አዙሮ ወይም በመሣሪያው ማኅደረ ትውስታ ውስጥ የማረሚያ ቁጥር አስገብቶ ወደ ልኩ መመለስ ሌላ ሥራ ነው፤ ማስተካከል የሚባለው እሱ ነው። ሦስተኛው ነገር መሣሪያው በውስጡ ባለ ማጣቀሻ ተመርቶ የሚያደርገው ማስተካከያ ነው። ሰልፍ ካል የምንለው ይኸኛው ነው።

ክራር ሲቃኝ ያየ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ይረዳዋል። ክራር ተጫዋች ለብቻው ተቀምጦ ሲቃኝ አንዷን ክር ይይዝና ሌሎቹን ከእሷ ጋር እያስማማ ያጠብቃል፣ ያላላል። በክሮቹ መካከል ያለው ርቀት ሲገጥም ክራሩ ተቃኘ፤ ለብቻው ቢጫወትም ያምራል። የመጀመሪያዋ ክር ትንሽ ረግባ ከነበረ ግን ሁሉም ክሮች እኩል ረግበዋል፤ ይህንን ደግሞ ክራሩ ራሱ ሊናገር አይችልም። ዋሽንት ነፊ አጠገቡ ሲቀመጥ ነው ነገሩ የሚገለጠው። የዋሽንት ድምፅ ሸምበቆው በተቆረጠበትና በተበሳበት ቀን ተወስኗል፤ የሚጠብቅ ክር የለውም። ስለዚህ ወደ ዋሽንቱ የሚመጣው ክራሩ ነው። ሰልፍ ካል ክራሩን በራሱ ክር መቃኘት ነው። ካሊብሬሽን ዋሽንቱን ጠርቶ ማስነፋት ነው።

ከኦሲሎስኮፑ ፊት ለፊት የምትታየው ትንሽ ብረት ምንድን ናት?

አብሮ የተሠራ ረዳት ሲባል በቅድሚያ ማውራት ያለብን ስለ እሷ ነው። በአብዛኞቹ ኦሲሎስኮፖች ፊት ከታች በኩል፣ ከመሬት መንጠቆው አጠገብ፣ የፕሮብ (ምልክቱን ከሚለካው ቦርድ ወደ መሣሪያው የሚያመጣው ገመድ) ጫፍ የሚንጠለጠልባት ትንሽ ብረት አለች። መሣሪያው ሲበራ ከእሷ የሚወጣው 1 ኪሎሄርዝ የሆነ አራት ማዕዘን ሞገድ ነው፤ ማለትም በሰከንድ አንድ ሺህ ጊዜ ከታች ወደ ላይ ዘሎ፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ቆይቶ፣ ተመልሶ የሚወርድ ምልክት። ቁመቱ እንደየመሣሪያው ይለያያል፤ በዛሬዎቹ ርካሽ ዲጂታሎች ላይ 3 ወይም 5 ቮልት አካባቢ ነው።

ረጅም ታሪክ ያላት ብረት ናት። ሃዋርድ ቮለምና ጃክ መርዶክ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1946 በኦሪገን ግዛት፣ ፖርትላንድ ከተማ ቴክትሮኒክስን ሲያቋቁሙና በተከታዩ ዓመት 511 የተባለውን የመጀመሪያ ኦሲሎስኮፓቸውን ለገበያ ሲያቀርቡ፣ ትልቁ ነገር ስክሪኑ የሞገድ መልክ ማሳያ ብቻ ሳይሆን መለኪያ መሆኑ ነበር። ሰው ስክሪን ላይ ባለው ቁመት ቮልት፣ ባለው ርዝመት ጊዜ እንዲያነብ ከተፈለገ ግን፣ ማጉያው በትክክል ያጎላ እንደሆነ በየጊዜው የሚፈተሽበት ነገር አብሮት መኖር ነበረበት። በ1950ዎቹ የወጣው 545 ከ0.2 ሚሊቮልት እስከ 100 ቮልት ድረስ እየተመረጠ የሚወጣ አራት ማዕዘን ሞገድ በውስጡ ነበረው። ባለሙያው ፈልጎ የሚያወጣውን ቮልት ያውቃል፤ ስክሪኑ ላይ ያንኑ ካላየ የማጉያውን ብሎን ያዞራል። ቧንቧ መሰል ቫኩም ቲዩቦች በሚሞቁበት፣ እያረጁ በሚደክሙበት ዘመን ይህ የዕለት ሥራ ነበር። በ1970ዎቹ የወጣውና ዛሬም ድረስ በየጥገና ቤቱ የሚገኘው 465 ደግሞ ቮልት ብቻ ሳይሆን የከረንት ፕሮብ የሚቆነጠጥበት ቀለበት ነበረው፤ በቀለበቱ 30 ሚሊአምፔር ይዞራል።

ዛሬ ማጉያዎቹ በጣም ስለተረጋጉ ያቺ ብረት የቮልት ማጣቀሻነቷን እያጣች ሄዳለች። በብዙ አዳዲስ መሣሪያዎች ላይ ትክክለኛ ቁመቷ ዋስትና የለውም፤ መመሪያው ራሱ «በግምት» ይላል። አሁን የቀራት ዋና ሥራ ፕሮቡን ማስተካከል ነው፤ ይህም ትንሽ ሥራ አይደለም።

ፕሮብ ገመድ አይደለም እንዴ? ምኑ ይስተካከላል?

ኦሲሎስኮፕ ላይ የሚሰካው «ቴን ኤክስ» ፕሮብ ምልክቱን ለአሥር ከፍሎ አንድ አሥረኛውን ብቻ ወደ መሣሪያው ያስገባል። አሥራት ይወስዳል እንበል። ይህንን የሚያደርገው በጫፉ ውስጥ ባለ 9 ሜጋኦም ሬዚስተር ነው። የኦሲሎስኮፑ መግቢያ 1 ሜጋኦም ነው። ሁለቱ ተደምረው 10 ሲሆኑ መሣሪያው ድርሻውን፣ አንድ አሥረኛውን፣ ያያል።

እስከዚህ ቀላል ነው። ችግሩ የኦሲሎስኮፑ መግቢያ ሬዚስተር ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ጎን ለጎን ካፓሲታንስ (ቻርጅ የማጠራቀም አቅም) አለው። የፕሮቡ ገመድም የራሱን ይጨምራል። ሁለቱ አንድ ላይ፣ ስሌቱ እንዲቀለን፣ 90 ፒኮፋራድ ናቸው እንበል። ካፓሲተር ለዝግተኛ ምልክት ዝግ በር፣ ለፈጣን ምልክት ክፍት በር ነው። ስለዚህ ዝግተኛው ምልክት በሬዚስተሮቹ በኩል ይከፈላል፤ ፈጣኑ ግን በካፓሲተሮቹ በኩል ነው የሚከፈለው። ሁለት አሥራት ሰብሳቢዎች አሉ ማለት ነው፤ አንዱ ከእግረኛው፣ ሌላው ከጋላቢው የሚቀበል። ሁለቱም ትክክለኛ አንድ አሥረኛ ካልወሰዱ አንድ ምልክት እንደ ፍጥነቱ የተለያየ ግብር ይከፍላል።

ለዚህ ነው በፕሮቡ ላይ ትሪመር የምትባለው ተስተካካይ ካፓሲተር ያለችው። በምሳሌያችን ከ9 ሜጋኦሙ ጎን 10 ፒኮፋራድ ቢቀመጥ፣ 10 ለ90 ስለሚሆን ፈጣኑም ልክ እንደ ዝግተኛው አንድ አሥረኛ ይሆናል። ሕጉ አጭር ነው፦ በጫፉ ያለው ሬዚስተር በካፓሲተሩ ሲባዛ የሚሰጠው ቁጥር፣ በመግቢያው ያለው ሬዚስተር በካፓሲተሩ ሲባዛ ከሚሰጠው እኩል ይሁን። 9 ሜጋኦም ሲባዛ በ10 ፒኮፋራድ 90 ማይክሮሰከንድ ነው። 1 ሜጋኦም ሲባዛ በ90 ፒኮፋራድም 90 ማይክሮሰከንድ ነው። ገጠመ።

የመግቢያ ካፓሲታንስ ከመሣሪያ መሣሪያ፣ እንዲያውም በአንድ መሣሪያ ላይ ከቻናል ቻናል (ከአንዱ መግቢያ ወደ ሌላው) ይለያያል። ስለዚህ ትናንት በአንደኛው ኦሲሎስኮፕ ላይ የተስተካከለ ፕሮብ ዛሬ ሌላኛው ላይ ሲሰካ ልኩን ይስታል። ፕሮቡ አልተበላሸም፤ ጎረቤቱ ነው የተቀየረበት። አዲስ ፕሮብ ስትገዙ በላስቲኩ ውስጥ ባለ ቀለም ትናንሽ ቀለበቶች ይመጣሉ፤ ብዙ ሰው ከላስቲኩ ጋር ይጥላቸዋል። የተሠሩት ፕሮቡን ከቻናሉ ጋር ለማጣመር ነው፤ ቢጫው ለቢጫው፣ ሰማያዊው ለሰማያዊው።

ለምን 1 ኪሎሄርዝ? ለምንስ አራት ማዕዘን?

አራት ማዕዘን ሞገድ ሁለቱን ሰብሳቢዎች በአንድ ጊዜ ያቆማቸዋል። ቀጥ ብሎ የሚዘለው ጠርዝ ፈጣኑ ነው፤ ከዝላዩ በኋላ የሚመጣው ጠፍጣፋ አናት ዝግተኛው ነው። ሁለቱ እኩል ከተከፈሉ አናቱ ከጠርዙ ሳይነጣጠል ቀጥ ብሎ ይቀጥላል። ፈጣኑ ከልክ በላይ ካለፈ ጠርዙ ላይ ቀንድ ይወጣና ቀስ ብሎ ይወርዳል። ካነሰ ደግሞ ማዕዘኑ ተሸርሽሮ ይከብብና ቀስ እያለ ወደ ልኩ ይወጣል።

«ቀስ ብሎ» ያልነው ፍጥነት ያው ከላይ ያየነው 90 ማይክሮሰከንድ አካባቢ ነው። የ1 ኪሎሄርዝ ሞገድ አንድ አናት 500 ማይክሮሰከንድ ይቆያል። ስለዚህ ቀንዱ ወጥቶ፣ ወርዶ፣ ተረጋግቶ ለማየት ሰፊ ጊዜ አለ። ሞገዱ 100 ኪሎሄርዝ ቢሆን ኖሮ አናቱ 5 ማይክሮሰከንድ ብቻ ስለሚቆይ ቀንዱ ለመውረድ ጊዜ አያገኝም፤ ሞገዱ በሙሉ ንጹሕ አራት ማዕዘን መስሎ ይታያል። ቁመቱ ብቻ የተሳሳተ ይሆናል።

ይህች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት እኔን ያስከፈለችኝ።

ሳይስተካከል ቢቀር ምን ይጎዳል?

አንድ የሶላር ኢንቨርተር ቦርድ መጣልኝ። በባትሪ የሚሠራ፣ በ50 ኪሎሄርዝ አካባቢ ትራንዚስተሮቹን የሚያበራና የሚያጠፋ። የትራንዚስተሮቹ በር የሚነዳበት ምልክት ከ0 እስከ 12 ቮልት መሆን አለበት፤ ምክንያቱም የነጂው ቺፕ መጋቢ 12 ቮልት ነው። ኦሲሎስኮፑ ላይ የታየኝ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ 14 ቮልት ነበር። ታችኛው ጠርዝም ከዜሮ በታች አንድ ቮልት ያህል ወርዷል። ማዕዘኖቹ ያምራሉ፤ ቀንድ የለ፣ ክብነት የለ። በመልቲሜትር መጋቢውን ስለካው 12.0 ቮልት ነው።

ከ12 ቮልት መጋቢ 14 ቮልት ከየት ይመጣል? መጋቢው ላይ ያለውን ካፓሲተር ቀየርኩ። ነጂውን ቺፕ ነቀልኩና አዲስ አደረግሁ። የመሬት መስመሩን ተከትዬ ቦርዱን ገለበጥኩ። ከሰዓት በኋላ ነው ፕሮቡን ወደዚያች ትንሽ ብረት የወሰድኩት። 1 ኪሎሄርዙ ላይ በእያንዳንዱ ጠርዝ ላይ ትልቅ ቀንድ ቆሟል። ፕሮቡን በዚያው ሳምንት ከሌላ መሣሪያ ላይ ነቅዬ ነበር ያመጣሁት።

ስሌቱ ይኸው። ትሪመሯ 10 ሳይሆን 12 ፒኮፋራድ ላይ ብትሆን ፈጣኑ ምልክት የሚከፈለው 12 ለ102 ሆኖ 0.118 ያህል ነው፤ ከ0.1 አንጻር 18 በመቶ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጭማሪ። 12 ቮልት ላይ 14.1 ቮልት ማለት ነው። 8 ፒኮፋራድ ላይ ብትሆን ደግሞ 8 ለ98፣ 0.082 ይሆናል፤ 5 ቮልት የሆነ ፈጣን ምልክት 4.1 ሆኖ ይታያል። ሁለት ፒኮፋራድ የትሪመሯ ብሎን ትንሽ ስትዞር የሚመጣ ነገር ነው። የቀጥታውን ከረንት የሚከፍሉት ሬዚስተሮቹ ስለሆኑ ዲሲው ትክክል ይሆናል፤ ስለዚህ በባትሪ ብትፈትኑት ፕሮቡ ጤነኛ ይመስላችኋል። ምልክቱ ከዜሮ በታች የወረደውም ለዚህ ነው፦ አማካዩ በቦታው ቀርቶ በዙሪያው ያለው ውጣ ውረድ ብቻ ተለጠጠ።

የነቀልኩት ቺፕ ደህና ነበር።

እንዴት ነው የሚስተካከለው?

ሥራው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ፕሮቡ ላይ ያለው ማብሪያ ቴን ኤክስ ላይ መሆኑን እዩ፤ ዋን ኤክስ ላይ ይህ ማስተካከያ ምንም አይሠራም። በኦሲሎስኮፑ የቻናል ዝርዝር ውስጥም የፕሮቡ ብዜት 10 ተብሎ መመረጥ አለበት፤ ካልሆነ ቁጥሩ ሁሉ አሥር ጊዜ ያንሳል። ጫፉን ብረቷ ላይ አንጠልጥሉ፣ የመሬት መቆንጠጫውን ከጎኗ ካለው መሬት ጋር አያይዙ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ሦስት ሞገድ እንዲታይ አድርጉ፤ በጣም ከጠበበ ቀንዱ ይጠፋባችኋል። ከዚያ አናቱ ጠፍጣፋ እስኪሆን ትሪመሯን ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ።

ካቻቢቴው ከፕሮቡ ጋር የመጣው የላስቲክ ይሁን። ብረት ካቻቢቴ ትሪመሯን ሲነካ የራሱን ካፓሲታንስ ይጨምራል፤ እጃችሁም በብረቱ በኩል ይገባል። ስታዞሩ ተስተካክሎ የነበረው ሞገድ ካቻቢቴውን ስታነሱ ይዛነፋል። የላስቲኩ ከጠፋ የጥርስ እንጨት በቢላ ጠፍጥፎ መጠቀም ይሻላል።

ትሪመሯ በአንዳንድ ፕሮቦች መያዣው ላይ፣ በሌሎች ከኦሲሎስኮፑ ጋር በሚገናኘው ራስ ላይ ትገኛለች። በዚያ ራስ አካባቢ ተጨማሪ ሁለት ሦስት ቀዳዳዎች ካያችሁ አትንኳቸው። እነሱ ለከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ናቸው፤ እነሱን ለመቃኘት እጅግ ፈጣን ጠርዝ ያለው ሌላ ምንጭ ያስፈልጋል፤ 1 ኪሎሄርዙ ላይ የሚያመጡት ለውጥ አይታይም። ሳታዩት ታበላሹታላችሁ።

አንድ የደህንነት ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። የፕሮቡ የመሬት መቆንጠጫ በኦሲሎስኮፑ በኩል ከግድግዳው መሬት ጋር የተያያዘ ነው። እዚህ ብረት ላይ ሲቆነጠጥ ምንም ችግር የለውም። በ220 ቮልቱ መስመር ላይ ከተቆነጠጠ ግን ሾርት ነው፤ ፕሮቡ ይቃጠላል፣ ሰውም ይጎዳል።

ሰልፍ ካል የሚባለውስ ውስጡ ምን ያደርጋል?

ይህኛው ፕሮቡን አይመለከትም። እንዲያውም ሲጀመር መጀመሪያ የሚላችሁ ሁሉንም ፕሮብ ንቀሉ ነው።

በኦሲሎስኮፑ ሆድ ውስጥ ማጉያዎች አሉ። ማጉያ ምንም ምልክት ሳይገባበት ጥቂት ሚሊቮልት «አለኝ» ሊል ይችላል፤ የሚያጎላበት መጠንም ከሙቀት ጋር ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ሰልፍ ካል ሲጫን መሣሪያው የውጩን በር ዘግቶ መግቢያውን በውስጥ ከዜሮ ጋር ያገናኛል። ከዜሮ የተለየ ነገር ካየ ያ ስህተቱ ነው፤ ይመዘግበዋል። ቀጥሎ በውስጡ የሚያመነጨውን የታወቀ ቮልት ያስገባና ሲያጎላው ስንት እንደሆነ ያያል። ይህንን ለየቻናሉ፣ ለየስሜታዊነት ደረጃው ይደጋግማል፤ ጠቅ ጠቅ የሚለው ድምፅ ሪሌዎቹ (በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ማብሪያ ማጥፊያዎች) ሲቀያየሩ ነው። ማጉያውን አልጠገነውም። ምን ያህል እንደሚዋሽ አውቆ ከእያንዳንዱ ንባብ ላይ ይቀንስለታል።

ስህተቱ በሙቀት ስለሚንቀሳቀስ መሣሪያው ሳይሞቅ መለካት ዋጋ የለውም። እንደየአምራቹ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በርቶ እንዲቆይ መመሪያዎቹ ያዛሉ። የአካባቢው ሙቀት ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲለወጥም እንዲደገም ይመክራሉ። አምስት ዲግሪ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ባለበት ላቦራቶሪ ብዙ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቆርቆሮ ክዳን ባለው ጥገና ቤት ግን የጠዋቱ ብርድና የቀትሩ ሙቀት ልዩነት በየቀኑ ያልፈዋል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ገና ጃኬት ሳይወልቅ የተሰጠ ሰልፍ ካል፣ ከሰዓት ስምንት ላይ ሚሊቮልት ለሚለካ ሰው አይሠራም። መብራት ሄዶ ሲመጣም የማሞቂያው ሰዓት ከመጀመሪያው ይቆጠራል፤ በእኛ አገር ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል።

በትልልቅ ቮልቶች ላይ ለሚሠራ ይህ ሁሉ ጭንቀት አያስፈልገውም። በቮልት የሚቆጠር ምልክት ላይ የሁለት ሚሊቮልት ስህተት አይታይም።

ራሱን ከለካ ታዲያ ላቦራቶሪ ለምን ያስፈልገዋል?

«ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይባላል። መሣሪያው የሚያወዳድረው ከራሱ ማጣቀሻ ጋር ነው፤ ማጣቀሻው ከተንሸራተተ ሁሉም ነገር አብሮት ይንሸራተታል፤ «አልፏል» የሚለው ጽሑፍም ይወጣል።

በጊዜ ላይ ይህ በጣም ጎልቶ ይታያል። ኦሲሎስኮፑ ጊዜን የሚቆጥረው በአንድ ክሪስታል ነው። የፊት ለፊቱ 1 ኪሎሄርዝም ከዚያው ክሪስታል የሚወጣ ከሆነ፣ ክሪስታሉ ቢሳሳት እንኳ ስክሪኑ ሁልጊዜ 1.000 ኪሎሄርዝ ይላል። የሚጠየቀውም የሚመሰክረውም አንድ ሰው ነው። በርካሽ መሣሪያዎች ላይ የተለመደው የክሪስታል ወሰን 25 በሚሊዮን ያህል ነው፤ 10 ሜጋሄርዝ ላይ 250 ሄርዝ ማለት ነው። ይህንን ለማወቅ ከውጭ የመጣ ምስክር ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ ከጂፒኤስ ሳተላይት ሰዓት የሚይዝ የ10 ሜጋሄርዝ ምንጭ።

የዚህ ሐሳብ ከፍተኛው ምሳሌ ኦሲሎስኮፕ ሳይሆን መልቲሜትር ነው። ሂውሌት ፓካርድ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው 3458ኤ (ዛሬ ኪሳይት የሚባለው ድርጅት የወረሰው) ስምንት ዲጂት ተኩል ያነብባል፤ በዓለም ዙሪያ ባሉ የልኬት ላቦራቶሪዎች ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲያገለግል ኖሯል። ይህ መሣሪያ ዲሲ ቮልት፣ ኦም፣ ኤሲ፣ ከረንት፣ ብዙ ክልሎች አሉት። ሆኖም ከውጭ በዋናነት የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ አንድ 10 ቮልትና አንድ 10 ኪሎኦም። ከእነዚህ ጋር አንዴ ከተያያዘ በኋላ የቀረውን፣ 100 ሚሊቮልቱን፣ 1000 ቮልቱን፣ ሜጋኦሙን፣ በውስጡ በንጽጽር ይደርስበታል። አውቶካል የሚባለው ትዕዛዙ ሲሰጠው ዲሲውን፣ ኤሲውን፣ ኦሙን ተራ በተራ ያስማማል፤ ሁሉም እንዲሠራ ከታዘዘ ከአሥር ደቂቃ በላይ ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ መግቢያው ላይ ምንም ገመድ መኖር የለበትም። የተጻፈለት ምርጥ ትክክለኛነት የሚጸናውም አውቶካሉ ከተሰጠው 24 ሰዓት ካላለፈና ሙቀቱ ከ1 ዲግሪ በላይ ካልተለወጠ ነው።

ክራሩ ይህ ነው፤ ሁሉም ክሮች ከአንዷ ጋር የተቃኙበት። አንዷ ክር ደግሞ ኤልቲዜድ1000 የምትባል፣ በራሷ ማሞቂያ ውስጥ የምትኖር፣ 7 ቮልት አካባቢ የምትሰጥ የማጣቀሻ ቺፕ ናት። እጅግ የተረጋጋች ናት፤ ነገር ግን ታረጃለች። ለመደበኛው ሞዴል አምራቹ የፈቀደላት መንሸራተት በዓመት 8 በሚሊዮን ነው፤ 10 ቮልት ላይ 80 ማይክሮቮልት። አውቶካል በቀን መቶ ጊዜ ቢሰጥ ይህንን 80 ማይክሮቮልት ሊያየው አይችልም፤ ምክንያቱም የሚያየው በእሷ ዓይን ነው።

ስለዚህ 10 ቮልቱ ከውጭ ይመጣል። ያመጣውም ላቦራቶሪ የእሱን 10 ቮልት ከበላዩ ካለ ላቦራቶሪ ጋር አወዳድሯል፤ ያም ከበላዩ። ሰንሰለቱ በየአገሩ ባሉ የሥነ ልክ ተቋማት በኩል ይወጣል፤ በአገራችን ይህ ሥራ የተሰጠው ተቋም አዲስ አበባ ነው ያለው። ከሰንሰለቱ ጫፍ የሚገኘው ሰው ሠራሽ ቁራጭ አይደለም፤ የዌልስ ተወላጁ የፊዚክስ ሊቅ ብራያን ጆሴፍሰን እ.ኤ.አ. በ1962 የተነበየው የተፈጥሮ ባሕርይ ነው። በቀጭን መጋረጃ የተለዩ ሁለት ሱፐርኮንዳክተሮች (ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ተቃውሞ የሚያስተላልፉ ቁሶች) በማይክሮዌቭ ሲመቱ የሚሰጡት ቮልት በፍሪኩዌንሲው ብቻ ይወሰናል፤ አያረጅም፣ ከአገር አገርም አይለያይም። ከግንቦት 12 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ይህ ዝምድና የተመሠረተባቸው ሁለት ቋሚ ቁጥሮች፣ የፕላንክ ቋሚና የኤሌክትሮን ቻርጅ፣ በዓለም አቀፍ ስምምነት ያለ ምንም የጥርጣሬ ወሰን ተቆርጠው ተቀምጠዋል። ዋሽንቱ ይኸው ነው።

ወደ ላቦራቶሪ ከመላኬ በፊት ሰልፍ ካል ልስጠው?

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው አይጠይቀውም፤ በጣም ሊጠየቅ የሚገባው ግን እሱ ነው። ብሎን አዙራችሁ ወይም የውስጥ ማረሚያውን ለውጣችሁ ከላካችሁት፣ መሣሪያው ባለፈው ዓመት ምን ያህል ይሳሳት እንደነበር ማንም ሊያውቅ አይችልም። ላቦራቶሪው መጀመሪያ የሚመዘግበው «እንደተገኘ» የሚባለውን ንባብ ነው፤ ከማንኛውም ማስተካከያ በፊት ያለውን። ያ ንባብ ከወሰኑ ውጭ ከሆነ፣ በዚያ መሣሪያ ተለክተው «ደህና» ተብለው የወጡ የሕክምና መሣሪያዎች፣ የኤሌክትሪክ ቆጣሪዎች፣ የፋብሪካ ሴንሰሮች ተመልሰው መታየት አለባቸው። ምስክር ወረቀቱ ላይ ከሚገኙት ቁጥሮች ሁሉ ለባለቤቱ ይበልጥ የሚናገረው ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ወረቀቱ ተጣጥፎ ፋይል ውስጥ ይገባና ማኅተሙ ብቻ ይታያል።

መሣሪያው በየዕለቱ የሚሰጠውን ሰልፍ ካል፣ ልክ እንደ አጠቃቀማችሁ ልማድ፣ መስጠት ምንም አይደለም፤ የመደበኛ አሠራሩ አካል ነውና። መነካት የሌለበት ክዳን ተከፍቶ የሚደረሰው፣ ወይም በሚስጥር ቁጥር የተቆለፈው ማስተካከያ ነው። አሮጌ አናሎግ መሣሪያ ሲከፈት በደርዘን የሚቆጠሩ ትናንሽ ብሎኖች ይታያሉ፤ እርስ በርስ የተሳሰሩ ናቸው፤ አንዱ ሲዞር ሦስቱ ይዛነፋሉ። የአሠራር ቅደም ተከተሉ የተጻፈበት የጥገና መመሪያና የታወቀ ማጣቀሻ በእጁ ከሌለ ሰው፣ የዘመናት ቅኝት በአሥር ደቂቃ ይጠፋል።

ላቦራቶሪ ለመላክ አቅም የሌለው ምን ያድርግ? እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። አንድ ትንሽ የ10 ቮልት ማጣቀሻ ሞጁል ገዝቼ፣ ምስክር ወረቀት ያለው መልቲሜትር ካለው ወዳጄ ዘንድ ወስጄ አስነበብኩት፤ ቁጥሩን በማርከር ጀርባው ላይ ጻፍኩ። በየወሩ መጀመሪያ፣ መሣሪያዎቹ ግማሽ ሰዓት በርተው ከቆዩ በኋላ፣ በእያንዳንዳቸው እለካዋለሁ። ደብተሩ ላይ ቀኑ፣ የክፍሉ ሙቀት፣ የእያንዳንዱ ንባብ ይሰፍራል። ሁለት መልቲሜትሮች ሳይነቃነቁ ሦስተኛው በየወሩ ወደ አንድ ወገን ሲንሸራተት ካየሁ ጥፋተኛው እሱ ነው። ሦስቱም አብረው ከተንሸራተቱ የተጠረጠረው ሞጁሉ ነውና ወደ ወዳጄ ይመለሳል።